የመጀመሪያው ዓመታችን በመርሳ

ስለ ጋብቻ የሚጻፈው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ስለ ሠርግ ወይ ስለ ፍቺ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ረጅም ጊዜ፣ ይኸውም ሊጥ የሚቦካበት፣ ሽሮ የሚያርበት፣ የቤት ኪራይ የሚከፈልበትና የታጠበ ልብስ በዝናብ የሚበሰብስበት የዘወትር ኑሮ፣ ለጽሑፍ የማይበቃ ተራ ነገር መስሎ ይታለፋል። እኛ ግን በትዳራችን በመጀመሪያው ዓመት ያገኘን ችግርም ኾነ ያገኘነው ትምህርት የመጣው ከዚሁ ከተራው ነገር ስለ ኾነ፣ ምናልባት ለወጣት ባልና ሚስቶች ይጠቅም ይኾናል ብለን ልንጽፈው አሰብን። «እኛ» ስንል ባልና ሚስቱን ማለታችን ነው። አንዳችን ስንጽፍ ሌላችን አጠገብ ተቀምጠን እናርማለን። ስለዚህ ከዚህ በታች የተነገረው ጥፋት ሁሉ ሁለታችንም የተስማማንበት ነው፤ ያልተስማማንበት አንድ ነገር ቢኖር እርሱንም በቦታው እንናገራለን።

ሁለታችንም ተወልደን ያደግነው በወልድያ ነው። የተጋባነውም እዚያው በጥር ወር 2010 ዓ.ም. ነበር። ከሠርጉ በኋላ ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ የመንግሥት ሥራ ወደ መርሳ ወሰደን፤ ባል ለማስተማር፣ ሚስት በጽሕፈት ሥራ። መርሳ የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ መቀሌ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ ከወልድያ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በመንገዷ ዳር ፓፓያውና ብርቱካኑ ተከምሮ መንገደኛን ሲጠብቅ ያላየ የአገሩ ሰው የለም። የወልድያ ሰው መርሳን እንደ ሌላ አገር አይቈጥራትም፤ ጠዋት ሄዶ ለምሳ የሚመለስባት ቦታ ናትና። እኛም ስንነሣ ዘመዶቻችንን የተሰናበትነው እንደ ቀልድ ነበር። ነገር ግን ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትኾን መርሳ ከእርሷ በጥቂት መቶ ሜትሮች ዝቅ ትላለች። እነዚያ ጥቂት መቶ ሜትሮች በትዳራችን ላይ የሚያመጡትን ነገር ያን ጊዜ የነገረን አልነበረም።

የሚስት እናት፣ ከዚህ በኋላ እናታችን እያልን የምንጠራቸው፣ ስንነሣ ሦስት ነገር ሰጡን። አንደኛው ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲጋገርበት የኖረ የሸክላ ምጣድ ነበር። ሁለተኛው በትንሽ ጀሪካን የተቀዳ እርሾ ነው። ሦስተኛው ጥጡን ራሳቸው ፈትለው ለሠርጋችን ያሠሩት ጋቢ ነበር። ስለ ምጣዱ ከእሳቸው ጋር ጥቂት ተከራክረን ነበር፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዝተን ስለ ነበረ ሸክላው በመንገድ ከመሰበር በቀር ምንም አይጠቅመን መስሎን ነው። እሳቸው ግን «መብራት ይሄዳል፤ ሸክላ የትም አይሄድም» ብለው በገለባ ጠቅልለው አስጫኑት።

ስለ እንጀራው ትእዛዝም ሰጥተው ነበር። ዱቄቱ በውሃና በእርሾ ይለወሳል፤ ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ በላዩ የጠለለው ውሃ ይደፋል፤ ከሊጡ ጥቂት ተወስዶ በፈላ ውሃ ይበስልና አብሲት ይኾናል፤ አብሲቱ ለብ ሲል ወደ ቡሃቃው ይመለሳል፤ ሊጡ ኩፍ ሲል ይጋገራል። ሚስት ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ስታየው ስለ ኖረች እንደ ጸሎት በቃሏ ታውቀው ነበር። ባል ደግሞ እንጀራ ከሞሰብ የሚወጣ ነገር እንደ ኾነ ከማወቅ በቀር ሌላ ዕውቀት አልነበረውም።

መርሳ ከገባን በኋላ ሙቀቱ እየበረታ ሲሄድ እንጀራችን መበላሸት ጀመረ። ሰኞ ማታ የተቦካው ሊጥ ማክሰኞ ማታ ቡሃቃውን ሞልቶ በክዳኑ ይፈስሳል። ረቡዕ ይሰምጣል። ሐሙስ፣ ሦስተኛው ቀን ሞልቶ ሲጋገር፣ ሽታው ገና ከበር ይቀበላል። እንጀራው ዐይን የለውም፤ ሲጠቀለል ይሰበራል፤ ወጡ ምንም ጣፋጭ ቢኾን ኮምጣጣነቱን ሊሸፍነው አይችልም። በዚህ ጊዜ ባል ማንም ባል ሊናገረው የማይገባውን ቃል ተናገረ። «የእናቴ እንጀራ እንዲህ አይደለም» አለ። ሚስትም «እንግዲያው እናትህ ቤት ሄደህ ብላ» አለች። ጠቡ በዚህ ተጀመረ።

ሁለታችንም ምክንያቱን ከራሳችን ውጭ ስንፈልግ ከረምን። ባል ጤፍ ሻጩን ለወጠ። ሚስት ወፍጮ ቤቱን ለወጠች። ውሃውንም አማነው። አገሩ የማሽላ አገር ነውና ጐረቤቶቻችን ማሽላ ከጤፍ ቀላቅለው እንደሚጋግሩ አይተን እኛም ቀላቀልን። እንግዲህ በሐብሩ ማሽላ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። በመርሳና በወልድያ መካከል ያለው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማእከል ለማሽላ ብዙ የደከመ ተቋም ነው። የማሽላውን ሥር እየመጠጠ ገበሬውን ባዶ እጁን የሚያስቀረውን አቀንጭራ የሚቋቋም ዘር በማውጣት ደግሞ የአገራችን ሰው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። እኛ ግን በዚያ ጊዜ ክብሩን አላሰብንም። ማሽላ ያለበት እንጀራ በማግሥቱ እንደሚደርቅ ስለማናውቅ የሦስት ቀን ጋግረን አስቀምጠን፣ በሁለተኛው ቀን ሞሰቡን ስንከፍት ፍርፋሪ አገኘን።

ከዚህ በኋላ በቤታችን ዝምታ ሰፈነ። ባል ከሥራ ሲወጣ በመንገድ ዳር ምግብ ቤት በልቶ መግባት አመጣ። ሚስት የተጋገረውን እንዳለ ለጐረቤት ከብት ትሰጥ ጀመር። ጨው አቀብዪኝ፣ መብራት አጥፋ ከማለት በቀር ሳምንት ሙሉ ሳንነጋገር የቀረንበት ጊዜ ነበር። በግንቦት መጨረሻ አንድ ቀን ማታ ሚስት ልብሷን በሻንጣ አጥፋ አዘጋጅታ ነበር፤ ባልም ሻንጣውን አይቶ እንዳላየ ኾኖ ተኛ። ይህን ዛሬ ስንጽፈው የሚያስቅ ይመስላል። አንባቢ ሆይ፣ ያን ጊዜ አላሳቀንም። ሰው በሊጥ ምክንያት ተፋታ ቢባል ማንም አያምንም። ነገር ግን እኛ ለመለያየት የቀረን የወልድያ መኪና መሣፈር ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ሚስት ሻንጣዋን ሳታነሣ የግቢያችን ጐረቤት ለቡና ጠሯት። እኒህ ሴት በዕድሜ የገፉ፣ ልጆቻቸውን ሁሉ ድረው ብቻቸውን የሚኖሩ ሙስሊም ናቸው፤ እኛ እትዬ እንላቸዋለን። በወሎ እንደ ተለመደው ሥጋችን ለየብቻ፣ ቡናችንና ኀዘናችን ግን አንድ ላይ ነው። እትዬ ስለ ሻንጣው አልጠየቁም። የጠየቁት ስለ ሽታው ነበር። «ልጄ፣ ይህ ሊጥ ስንት ቀኑ ነው?» አሉ። ሚስትም «ሦስት ቀኑ ነው፤ የእናቴ ሥርዐት ነው» አለች። እትዬ ስኒውን አስቀምጠው «ሊጥ ቀን ይቈጥራል እንዴ?» አሉ።

ከዚያም ተነሥተው ቡሃቃውን አሳዩዋት። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ በሙቀት ይፈጥናል፣ በብርድ ይዘገያል። በወልድያ ብርድ ሦስት ቀን የሚፈጀውን ሥራ በመርሳ ሙቀት በአንድ ቀን ተኩል ይፈጽመዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ መበላሸት ነው። ስለዚህ በሙቀት ወር እርሾው ይቀነሳል፤ ቡሃቃው ከምድጃው ርቆ በቀዝቃዛ ወለል ላይ ይቀመጣል። በክረምት ደግሞ እርሾው ይጨመራል። ዋናው ነገር ግን በላዩ የጠለለውን ውሃ ማየትና ማሽተት ነው። አብሲቱንም ስታደርገው አዩና ሌላ ጥፋት አገኙ። በጥድፊያ ምክንያት ገና እየተቃጠለ ትመልሰው ስለ ነበር እርሾውን ይገድለዋል፤ ዐይን የጠፋውም በዚህ ነው። ጣት የሚችለው ሙቀት እስኪኾን መጠበቅ አለበት።

በሁለተኛው ቀን የተጋገረው እንጀራ ዐይኑ ሞልቶ ወጣ። ባል ማታ ሲገባ ሞሰቡ ተከፍቶ ጠበቀው። በልቶ ሲጨርስ ጥፋቱ የጤፍ ሻጩም የወፍጮ ቤቱም የሚስቱም እንዳልነበረ ተነገረው። ይቅርታ መጠየቅ ይገባው ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ቀን «ጥሩ ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። ይቅርታውን የጠየቀው ከሁለት ወር በኋላ በሌላ ጥፋት ላይ ነው።

በነሐሴ ወር መጀመሪያ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደ ተመለስን ከከተማው ወጣ ብለን በወንዝ ዳር ለመዋል አሰብን። ከተኳረፍንበት ጊዜ ወዲህ አብረን ስንወጣ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ጾመ ፍልሰታ ስለ ኾነ ሽሮና ድስት፣ እንጀራ፣ ጀበናና ጥቂት ፓፓያ ያዝን። የሚታጠብ ልብስም ጨመርን፤ ጋቢውም ከታጠበ ዘመን አልፎት ስለ ነበር አብሮ ተያዘ። ወንዙ በሰፊው አሸዋ መካከል እንደ ገመድ ቀጥኖ ይሄድ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ዳር ላይ ከመቀመጥ ይልቅ አሸዋው ንጹሕና ለስላሳ ስለ መሰለን በወንዙ ማኸል ሦስት ድንጋይ ጐልተን እሳት አነደድን፤ ጋቢውንም አጥበን በአንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ አሰጣነው።

ከወዲያ ማዶ ፍየል የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ልጆቼ፣ ከዚያ ተነሡ፤ ጋራውን እዩ» አሉን። ባል ቀና ብሎ ሰማዩን አየና «አባባ፣ ዝናብ የለም እኮ» ብሎ መለሰ። ሚስት በስተ ምዕራብ ያለው ጋራ በጥቁር ደመና እንደ ተሸፈነ አይታ «ብንነሣ ይሻላል» አለች። ባል «ሽሮው ይድረስ» አለ።

ሽሮው ገና ሲንተከተክ ድምፅ ሰማን። የጭነት መኪና በአውራ ጎዳናው ላይ የሚያልፍ መሰለን። ነገር ግን ድምፁ አላለፈም። ቀና ስንል ቅርንጫፍና ጭቃ የተሸከመ ቡናማ ውሃ ከመታጠፊያው ወደ እኛ ሲመጣ አየን። ሚስት እየጮኸች ወደ ዳር ሮጠች፤ ባልም ተከተላት። ዳር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ግን ተመለሰ። ያልተስማማንበት ነገር ይህ ነው። ሚስት የተመለሰው ለሽሮው ድስት ነው ትላለች። ባል የተመለስኩት ለጋቢው ነው ይላል። ለማናቸውም ቢመለስ ውሃው እስከ ጉልበቱ ደረሰና አንገዳገደው። ሚስት ተመልሳ ገብታ በኮቱ አንገት ያዘችው። ሽማግሌው ውሃው ከመድረሱ በፊት ወደ እኛ በኩል ተሻግረው ኖሮ ዱላቸውን ዘረጉላት። እሷ ዱላውን፣ ባል እሷን ይዞ ወጣን። ውሃው ጋቢውን፣ ድስቱን፣ ጀበናውን፣ የታጠበውን ልብስ ሁሉና የባልን የግራ እግር ጫማ ይዞ ሄደ።

«እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ» ሲባል ከልጅነታችን ጀምረን እንሰማ ነበር። ሽማግሌው ከእኛ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የውሃውን ነገር አስረዱን። ሐብሩ ከምሥራቁ የወሎ ገደል ግርጌ ያለ አገር ነው። ወንዞቹ ከደጋው ጋራ ተነሥተው በቁልቁለት እየተንደረደሩ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳሉ። መንገዳቸው አጭርና ገደላማ ስለ ኾነ በጋራው ላይ የዘነበው ዝናብ ከታች ላለው ሰው ወሬው ሳይደርሰው ራሱ ይደርሳል። ተዳፋቱ ዛፍ በጐደለው ቍጥር ደግሞ ውሃው ሳይሰርግ ይሮጣል። «በዚህ አገር ከራስህ በላይ ያለውን ሰማይ አይተህ ወንዝ ውስጥ አትቀመጥም» አሉ። ቀጥለውም ፈገግ ብለው «ሽሮው ግን ይሸት ነበር» አሉን።

ባል ወደ ቤት የተመለሰው በአንድ እግር ጫማ ነው። የሰፈር ልጆች እስከ በራችን ድረስ ተከተሉት። እትዬ ሁለታችንንም ከእግር እስከ ራስ አይተው «አልሐምዱሊላህ» ብለው እሳት አነደዱልን። በዚያች ማታ ባል ስለ ግንቦቱም ስለ ነሐሴውም አንድ ላይ ይቅርታ ጠየቀ። ሚስትም ሻንጣውን ምን ልታደርግበት አስባ እንደ ነበር ነገረችው። ይሁን እንጂ ስለ ጋቢው ለእናታችን ለመንገር ሁለታችንም አልደፈርንም። ወደ ወልድያ በሄድን ቍጥር ጋቢውስ ሲሉ፣ ቤት ነው እያልን አለፍነው።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. አጋማሽ ሚስትን ብርድ ብርድ አላት፤ ከዚያም ትኩሳት ያዛት። ጤና ጣቢያ ደሟ ሲመረመር ወባ ኾኖ ተገኘ። በክረምቱ ማብቂያ የሚቈየው ውሃ የወባ ትንኝን ያራባል፤ ይህም በሽታ የሚበረታው ከ2,000 ሜትር በታች ባለው አገር ነው። እኛ ከደጋ እንደ መጣን ሰዎች አጎበር መስቀል ሙቀት ይጨምራል ብለን ትተነው ነበር። የሦስት ቀን መድኃኒት ተሰጣትና ተኛች።

በቤት እንጀራ አልነበረም፤ ሊጡ ግን ደርሶ ነበር። መብራትም ከጠዋት ጀምሮ ሄዷል። እትዬ እኔ ልጋግር አሉ። ባል ግን ምን እንደ ነካው አናውቅም፣ እኔው እሞክራለሁ አለ። የእናታችንን የሸክላ ምጣድ ከጥግ አወጣና በሦስት ጉልቻ ላይ ጣደ። ሚስት በተከፈተው በር ከአልጋዋ ላይ ኾና ታዝዘው ነበር። የመጀመሪያውን ምጣዱን በጎመን ዘር ሳያሰሽ ስላፈሰሰው ተጣበቀ። ሁለተኛውን ከማኸል ጀምሮ ስላፈሰሰ ዳሩ ጐደለ፤ ሊጥ የሚፈስሰው ከዳር ተጀምሮ እየዞረ ወደ ማኸል ነውና። ሦስተኛውን አክንባሎ ሳይከድን ቀርቶ ከላይ ጥሬ፣ ከታች ከሰል ኾነ። አራተኛው በሰፌዱ ላይ ሲወጣ ለሁለት ተቀደደ። ጢሱ ዐይኑን አጥፍቶት፣ የክንዱ ጠጕር ተለብልቦ፣ ሰባተኛው እንጀራ ሙሉ ኾኖ ዐይኑን አፍጥጦ ወጣ። ያን ጊዜ ባል አንድ ነገር ገባው። ይህን ሥራ ሚስቱ ከቢሮ ተመልሳ በሳምንት ሁለት ጊዜ ትሠራው ነበር። እሱም ተቀምጦ ጣዕሙን ይነቅፍ ነበር።

እናታችን መታመሟን ሰምተው ከወልድያ የደረሱት በዚሁ ሰዓት ነው። በር ላይ ቆመው ጢሱን፣ የተቃጠለውን ክምርና ዱቄት የነካውን ሰው አዩ። ምንም ሳይናገሩ ሰባተኛውን እንጀራ አንሥተው ወደ ብርሃን አደረጉት፤ ቈርሰው ቀመሱ። «ይህ የሦስት ቀን ሊጥ አይደለም» አሉ። ሚስት ከአልጋዋ ኾና የእትዬን ትምህርት ነገረቻቸው። እናታችን ጥቂት ዝም ብለው «እኔ የወልድያን ነው የማውቀው» አሉ። ከዚያም እትዬን ለማመስገን ወጡ፤ ሁለቱ ሴቶች ከዚያ ቀን ጀምረው ወዳጆች ናቸው።

ማታ ሚስትን ብርዱ ሲይዛት እናታችን «ያን ጋቢ አምጡና ደርቡላት» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያም ሁለታችንም በአንድ ጊዜ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልን። ባል ሽማግሌውን አልሰማሁም አለ። ሚስት ጋቢውን ላጥብ ብዬ ያወጣሁት እኔ ነኝ አለች። ከዚያ ቀደም አንዳችን ሌላችንን ስንከስ ከርመን፣ በዚያች ሌሊት ጥፋቱን እየተሻማን ተገኘን። እናታችን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። የውሃውን ከፍታ፣ የዱላውን ነገር፣ የኮቱን አንገት ደጋግመው ጠየቁ። በመጨረሻም ነጠላቸውን አውልቀው ለልጃቸው ደረቡላትና «ጋቢ ይፈተላል» አሉ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በአጭሩ እንናገራለን። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ እነዚህ አገሮች ደርሶ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ሲቈይ ኤሌክትሪክ ጠፋ። በዚያን ጊዜ የግቢያችን ሰው እንጀራ የጋገረው በዚያው በሸክላው ምጣድ ነው። ዱቄት ያለው ዱቄት፣ እንጨት ያለው እንጨት አመጣ፤ ሴትም ወንድም በተራ ጋገረ። ባልም ተራው ሲደርስ አላሳፈረም።

ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ ይባላል። እኛ ከአንድ ከተማ የተቀዳን ስለ ኾንን ሁሉ ነገር ያለ ትምህርት የሚቃና መስሎን ነበር። ኾኖም ሊጡን ሳናይ ቀን ስንቈጥር፣ ጋራውን ሳናይ ሰማይ ስናይ፣ ጎረቤቱንና ሽማግሌውን ሳንጠይቅ ስንቀር ትዳራችንንም ነፍሳችንንም ልናጣ ደርሰን ነበር። አዲስ ትዳር ይዞ ወደማያውቀው አገር የሚሄድ ወጣት ቢኖር፣ ያ አገር 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢርቅም እንኳ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እዚያ የኖሩትን ሰዎች ይጠይቅ። አጎበሩንም ይስቀል።